ግባ ካልተባለ የማይገባ

ዲሪቤ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ በሦስተኛው ንዴቱ ጭራሽ ባሰባት። ሁለት ወር ሙሉ ድምፁን አጥፍቶ የከረመ ሰው ሲጽፍ ወይ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ወይ ሰበብ ይደረድራል። ጅራታ የላከላት ግን የደም መጣጭ ፊልሞች ዝርዝር ነው። ያውም «አንቺ» ማለቱን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ ከላይ እስከ ታች «እርስዎ» እያለ።

ደብዳቤውን ያመጣችላት ዘህራ ነበረች፤ መቱ ገበያ ዳር ሱቅና የቡና መጋዘን ያላቸው የጋሼ ሸምሰዲን ልጅ። እንደ ልማዷ በአቡጀዲ ጥቅል ውስጥ ሸሽጋ አምጥታ፣ የጓደኛዋን ፊት እያየች አጠገቧ ቁጭ አለች። ዲሪቤ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ወረወረችላት።

«ለወይዘሪት ዲሪቤ ኢቲቻ። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ደህና ነኝ። ድሮ ስለ ደም መጣጭ ፊልሞች ንገረኝ ይሉኝ ስለነበር፣ ያየኋቸውን በየዘመናቸው ለይቼ ጽፌልዎታለሁ። ሌላ የምጽፈው ነገር የለኝም።

«ፊልም አፍ ሳይፈታ ከተሠሩት መካከል ወፍጮ ቤት የሚኖረውን ጎባጣ ይዩ። ፊልሙ ከማርጀቱ የተነሣ በሰዎቹ ላይ ዝናብ የሚዘንብ ይመስላል፤ ቢሆንም የሚያህለው አላየሁም። ጎባጣው መልከ ጥፉ ነው፤ መልኩንም አይደብቅም። ጣልያን አገራችንን በወረረበት ሰሞን ከተሠሩት ደግሞ ጓንቱን የማያወልቀው ሐኪም አለ። ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ እኔ አልወደውም፤ ወሬ ያበዛል። በጦርነቱ ጊዜ የወጡትን ይለፏቸው፤ ለሳቅ የተሠሩ ናቸው፤ አያስቁም።

«ከጦርነቱ በኋላ ከመጡት የማታረጀዋን ባለርስት ወይዘሮ ሳያዩ እንዳይቀሩ። ትልቅ ቤት አላት። በመስኮት ቆማ አገሩን ሁሉ ታያለች፤ ደጇ ላይ የቆመውን ሰው ግን አታይም። እሷን ባየሁ ቁጥር እርስዎ ትዝ ይሉኛል።

«የመጨረሻው ባለ ቀለሙ ነው። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በጋሼ ሸምሰዲን መጋዘን ይታያል። ደሙ ከበርበሬ ይቀላል። ለእርስዎ ብዬ አላስመጣሁትም። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ፊልም ድምፅ አወጣ፣ ቀለም ለበሰ፤ የደም መጣጭ አንድ ሕግ ግን አልተለወጠም። ግባ ካልተባለ ከሰው ቤት አይገባም። ጅራታ ፉፋ።»

ዘህራ ወረቀቱን አጥፋ፣ ሰውየው አብዷል ወይስ ተጣልታችኋል ብላ ጠየቀቻት። ዲሪቤ ሁለቱም ነው አለቻት።

የተዋወቁት በዚያው መጋዘን ነበር። ጅራታ የዲሪቤ አባት የቀኛዝማች ኢቲቻ ጭሰኛ የሆነው የሁሩሙው የፉፋ ልጅ ነው። በአሥራ አምስት ዓመቱ አዲስ አበባ ገብቶ ሲኒማ ቤት ጠርጓል፣ ትኬት ቀዷል፣ በመጨረሻም የፊልም ማሽን አንቀሳቃሽ ለመሆን በቅቷል። ጋሼ ሸምሰዲን አሮጌ ማሽንና ጄኔሬተር ገዝተው ለመቱ ሰው ፊልም ላሳይ ባሉ ጊዜ፣ ለማሽኑ የተገኘው ሰው እሱ ብቻ ሆነ። ፊልሙ ሲጀምር ምስሉ ከሚወድቅበት አቡጀዲ ጎን ቀጥ ብሎ ይቆምና በእንግሊዝኛ የሚባለውን አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ ያወርደዋል። አብዛኛውን ከራሱ ይጨምርበታል። ያን የምታውቅ አዲስ አበባ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምራ አባቷ ወደ ቤት የጠሯት ዲሪቤ ብቻ ስለነበረች፣ አንድ ቀን ሰው ሁሉ በሚያለቅስበት ቦታ ላይ ሳቀች። ጅራታ መተርጎሙን አቁሞ አያት። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ክረምቱን በሙሉ ተጻጻፉ። በመጨረሻም ለኅዳር ሚካኤል ሽማግሌ እልካለሁ ብሎ ቃል ገባላት። የጭሰኛ ልጅ ወደ ባላባት ቤት ሽማግሌ ሲልክ ታይቶ አይታወቅም፤ እሷ ግን አባቷን በለቅሶም በፆምም እንደምታሸንፍ እርግጠኛ ነበረች። የሚካኤል ዕለት አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ከሰገነቱ መስኮት ላይ ቆማ ዋለች። ማንም አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። በኋላ ሊያገባት የፈለገ አንድ የጎሬ ሻምበል ሽማግሌ ሲልክ አባቷ አስጠርተው ሐሳቧን ቢጠይቋት፣ በእልህ «እንደ ፈቃድዎ» አለቻቸው። ሻምበሉን አንድ ጊዜ ከሩቅ አይታዋለች፤ ጫማው የሚያብለጨልጭ መሆኑን ብቻ ታስታውሳለች። ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ፣ መልስ ለመውሰድ፣ በመጪው እሑድ ይመጣሉ።

ቅዳሜ ወደ ፊልሙ እንደማትሄድ ለዘህራ ምላ ነግራት ነበር። ከሁሉ ሰው ቀድማ ሄደች።

የመጋዘኑ መስኮቶች በጆንያ ተሸፍነዋል። ወንዶቹ በግራ፣ ሴቶቹ በቀኝ፣ አግዳሚ ያልደረሰው የቡና ከረጢት ላይ ተቀምጧል። ደም መጣጩ ከመቃብሩ ሲነሣ እስላሙ ጂኒ ነው አለ፣ ክርስቲያኑ ሰይጣን ነው አለ፤ ጅራታ ሁለቱም አይደለም፣ ፈረንጅ ነው ብሎ አስታረቃቸው። ሰው ሳቀ። ዲሪቤ አልሳቀችም። ድሮ ይህን ድምፅ ስትሰማ ልቧ ቀጥ ይል ነበር፤ ዛሬ ጥርሷን ነከሰች።

ደም መጣጩ የልጅቱ ቤት ደጅ ላይ ደረሰ። በሩ ክፍት ነው፤ እግሩን ግን አያነሣም። ልጅቱ ከውስጥ ሆና በእንግሊዝኛ «ማን ነው?» አለች፤ ያለችው ይህንኑ ብቻ ነው። ጅራታ ዓይኑን ወደ ሴቶቹ ጎን መለሰና፣ «ይህ የአባቴ ደጅ ነው። ካንተ በፊት ብዙዎች ቆመውበታል። የቆሙትን ለማየት አንገቴን ዝቅ አላደርግም» ብሎ ተረጎመው። በኦሮምኛም ደገመው።

ከዲሪቤ ፊት የተቀመጡት ሴትዮ ምን ያለችው ጥጋበኛ ናት ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። ዲሪቤ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ከተማው ሁሉ እየሰማ፣ ማንም ሳያውቅባት፣ ይህ ሰው እየሰደባት ነበር። እንደዚያ ቅጽበት ማንንም ጠልታ አታውቅም።

ጄኔሬተሩ እስኪበርድ ዕረፍት ሆነና ሰዉ አየር ለመውሰድ ወጣ። ጅራታን ከመጋዘኑ ኋላ፣ ቡና በሰሌን ላይ ከተሰጣበት ግቢ፣ ብቻውን ቆሞ አገኘችው። ዘህራ ማዕዘኑ ላይ ዘብ ቆመች።

ዲሪቤ ሰላምታም አልሰጠችው። ደብዳቤዎ ደርሶኛል አለችው፤ ሙታንን በዕድሜያቸው መደርደርዎ መልካም ነው፤ ሰው ግን ቃሉን ሲያጥፍ የሙት ዝርዝር አይልክም፤ አፍሯል ተብሎ እንዲታለፍ ዝም ይላል። ይህን ሁሉ ያለችው ድምፅዋን ሳታነሣ ነው። ለሚካኤል ብለውኝ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ውሻ እንኳ አልመጣም አለችው።

ጅራታ ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። «አባቴ መጥቷል» አላት።

«የት?»

«እናንተ ደጅ ላይ። ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር፣ ከሁሩሙ በእግሩ። ከጧት ጀምሮ እስከ ቀትር ቆሟል። ማሩን ተቀበላችሁ፣ ሰዎቹን መለሳችሁ።»

ዲሪቤ ሐሰት ነው ልትል አፏን ከፈተች። የሚካኤል ዕለት ግን የአባቷ ዝክር ነው፤ ጭሰኛው ሁሉ ማሩን ይዞ ይመጣል፣ ግቢው ውስጥ በተጣለው ዳስ ተቀምጦ በልቶ ይሄዳል። «በዚያ ቀን የመጡት ማር የሚያስገቡ ጭሰኞች ናቸው» አለችው።

«አባቴስ ምንድነው? ጭሰኛ አይደለም? በምን ይለይ ነበር?»

ጅራታ አሁን ማቆም አልቻለም። አጋፋሪው ቀጀላ ማሩን ከእጃቸው እንደ ተቀበለ፣ ዳስ ግቡና ብሉ እንዳላቸው፣ እነሱ ለመብል አልመጣንም ብለው እንደ ቆሙ፣ ቀትር ላይ ወጥቶ ጌቶች ማሩን ተቀብለዋል፣ በሰላም ሂዱ ብሎ እንዳሰናበታቸው ነገራት። አባቱ ከዚያ ቀን ወዲህ የሁሩሙን ገበያ አልረገጠም። አብረውት የቆሙት ሁለቱ ሽማግሌዎችም የእሱን ደጅ አልፈው ይሄዳሉ እንጂ አይገቡም።

«ለምን አልተናገሩም? ሽማግሌዎች ነን፣ ስለ ልጅ ነው የመጣነው ቢሉ ምን ነበረበት?»

«ሽማግሌ ደጅ ላይ የመጣበትን ይናገራል? ግቡ እስኪባል ይቆማል፤ ከገባ በኋላ ነው የሚናገረው። ለሻምበሉ ሽማግሌዎች ሲሆን ታውቁታላችሁ።»

ዲሪቤ ሦስት ሰዎች ትዝ አሏት። ዳሱ ሞልቶ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሲበላ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ከበሩ ግንድ አጠገብ ቆመው ነበር። ከመስኮቱ አይታቸዋለች። እነዚህ ደግሞ ምን ሆነው ነው የማይቀመጡት ብላ፣ በራሳቸው ላይ አሻግራ መንገዱን ማየቷን ቀጠለች። በበቅሎ የሚመጡ ሽማግሌዎች ነበር የምትጠብቀው። በበቅሎ ይመጣሉ ያላት ግን ማንም አልነበረም።

«ማሩ በምን ነበር?» አለችው ቀስ ብላ።

«በፊልም ቆርቆሮ። ክቡ፣ ጠፍጣፋው። በእንስራማ ሁሉም ያመጣል ብዬ። አንቺ ስታዪው ከማን እንደሆነ ይገባሻል ብዬ።»

አንቺ ማለቱን ሁለቱም ሰሙት፤ ሁለቱም እንዳልሰሙ ሆኑ። ያ ቆርቆሮ ግምጃ ቤት ነው ያለው፤ የብስኩት መስሏት ብዙ ጊዜ አይታ አልፋዋለች። ነጭ ማር ነበረበት። እናቷ ወይዘሮ ዲንቄ ሽታው ልዩ ነው፣ የዚህ ጭሰኛ ንብ ምን ትቀስም ይሆን እያሉ በየጧቱ ያስቀርቡታል። ዲሪቤም ሁለት ወር ሙሉ በየጧቱ ዳቦዋን እያጠቀሰች፣ ከሃዲ፣ ውሸታም እያለች እሱን ስትረግም ነበር።

«በልተነዋል» አለችው።

ጅራታ ዓይኖቿን አያቸው። እንባ ቢያይባቸውም አልራራላትም። «ጣፈጠሽ?»

ዲሪቤ ልትመታው እጇን አነሣችና መልሳ አወረደችው። አንድ መስመር ብትጽፍልኝ ኖሮ አለችው፤ አንድ መስመር፤ ስለ ጎባጣና ስለ ጓንት ከመጻፍህ በፊት። እሱም አንድ ጊዜ አንገትሽን ዝቅ ብታደርጊ ኖሮ አላት። በኩራት እኩል ነበሩ፤ ባላባትና ጭሰኛ ያልተባባሉበት አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ጄኔሬተሩ ተነሣ። ጅራታ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄዶ፣ ፊቱን ሳይመልስ፣ ነገ ሻምበሉ ግባ ይባላል አሉ፣ እንኳን ደስ ያለሽ አላት። ቀጥሎም ፊልሙን ጨርሰሽ እይው፣ መጨረሻው ጥሩ ነው አለ። በዚህች ሰዓት እንኳ ፊልሙን መምከሩን አልተወም። ዲሪቤ ይህን ስትሰማ ምን ያህል እንደምትወደው ገባት፤ ደግሞም በዚሁ ምክንያት ይበልጥ ጠላችው።

እሑድ ጧት የሻምበሉ ሽማግሌዎች መጡ። ሦስት ናቸው፤ በበቅሎ ነው የመጡት፤ ካባቸው ያምራል። እንደ ደንቡ ከሳሎኑ ደጅ ላይ ተደርድረው ቆሙ። ቀኛዝማች ኢቲቻ ከወንበራቸው ላይ ሆነው ጢማቸውን ዳሰሱ። ግቡ ሊሉ ነው።

ዲሪቤ ከጓዳ ወጣች። በእንዲህ ያለ ቀን ልጅ ከጓዳ አትወጣም። ቆርቆሮውን በሁለት እጇ ይዛ፣ አባቷ ፊት ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ክዳኑን ከፈተች። ከሥሩ አንድ ማንኪያ የማይሞላ ነጭ ማር ቀርቶታል።

«አባባ፣ ይህን ያመጣው ማን እንደሆነ ያውቃሉ?»

ቀኛዝማች ፊታቸው ተለዋወጠ። ወደ ውስጥ ግቢ አሏት። አልገባችም። ያመጣው ጭሰኛ ነው፣ ማን እንደሆነ ምን ያደርግልኛል አሉ።

«ሽማግሌ ነው ያመጣው። የሚካኤል ዕለት ሦስት ሰዎች ስለ እኔ መጥተው፣ እዚህ ደጅ ላይ ግቡ የሚላቸው አጥተው ተመልሰዋል። ማራቸውን ግን በልተናል። እርስዎም በልተዋል።»

ቀጀላ ተጠራ። ከግንባሩ ላቡን እየጠረገ ሦስቱን ሰዎች አስታወሰ፤ አልቀመጥም ማለታቸውንም። ጃርሶሊ፣ ለጋብቻ የተላኩ ሽማግሌዎች፣ መሆናቸውን በምን አውቃለሁ ጌታዬ፣ ባዶ እግራቸውን ነበሩ አለ። ወይዘሮ ዲንቄ በመጋረጃው በኩል እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቀሩ።

ደጅ ከቆሙት መካከል በዕድሜ የገፉት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እስከ ዛሬ ያልሰማነውን ሰምተናል አሉ፤ የሌላ ሽማግሌ ማር ተበልቶ መልስ ካልተሰጠበት ቤት ገብተን አንቀመጥም፤ ለሻምበሉም ክብር አይሆነውም። እጅ ነሥተው በቅሎዎቻቸውን አስጠሩ። በሕይወታቸው ደጅ አስጠንተው እንጂ ደጅ ላይ ተጥለው የማያውቁት ቀኛዝማች ከወንበራቸው ሊነሡ ሞክረው ተመልሰው ተቀመጡ።

ልጃቸውን አዩዋት። የሚመቷት መስሏት ዓይኗን ጨፈነች።

«አዋረድሽኝ» አሏት። «ከዛሬ ወዲያ ከፊቴ ቁጭ ብለሽ አትበዪም።» ከዚያ ቀጀላን ጠሩ። «በቅሎ ጫን። ሁሩሙ ሂድና እነዚያን ሰዎች ለሐሙስ ጥራቸው። ዕዳ የበላ ሰው ሆኜ አልቀርም። መልሳቸውን ይስሙ፤ እምቢታም ቢሆን ተቀምጠው ይስሙት።»

ዲሪቤ ጓዳ ገብታ ቆርቆሮውን እንዳቀፈች ተቀመጠች። ስለ ምን እንደምታለቅስ ለይታ አላወቀችም፤ ለአባቷ ውርደት፣ ለእነዚያ ሦስት ሰዎች እግር፣ ወይስ ለመጨረሻዋ ማንኪያ ማር።

ሐሙስ ጧት ከሰገነቱ መስኮት ላይ ቆመች። አሁን መንገዱን አላየችም፤ ቁልቁል ደጁን ነው ያየችው። ፉፋ ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር ከዚያው ግንድ አጠገብ ቆሟል። ነጠላው ታጥቦ ነጭ ሆኗል፤ እግሩ አሁንም ባዶ ነው። ቀጀላ ሊያነጋግራቸው ቀረብ ሲል ሦስቱም አልተንቀሳቀሱም።

ቀኛዝማች ኢቲቻ በረንዳው ላይ ወጡ። ጭሰኛን በአማርኛ ማናገር ልማዳቸው ነው፤ የሹመት ቋንቋቸው ነውና። ፉፋን ለረጅም ጊዜ አዩት። ፊታቸው አልተፈታም፣ ድምፃቸውም አልለዘበም፤ የመረረ ነገር እንደሚተፋ ሰው፣ በእናታቸው ቋንቋ «ሴና» አሉ። ግቡ ማለታቸው ነው።

ፉፋ ወዲያው አልገባም። የሰማውን ማመን ያቃተው ይመስላል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የእግሩን አቧራ በነጠላው ጫፍ ጠረገና የደጁን መድረክ ተሻገረ። ወንበር ሲሳብ ዲሪቤ ከላይ ሆና ሰማች። ቀጥሎ የሚባለው እሺታ ይሁን እምቢታ አታውቅም፤ ይህ ሰው ግን ተቀምጧል።

ከአጥሩ ውጭ፣ ከዋርካው ሥር፣ ጅራታ ቆሟል። በደንቡ ሽማግሌ የላከ ልጅ ከሽማግሌዎቹ ጋር አይገባም። ቀና ብሎ መስኮቱን አየ። የማታረጀዋን ወይዘሮ አልረሳችለትም፤ አንድ ቀን ታስከፍለዋለች፤ ፊቷም አልተፈታለትም። ተያዩ። ሁለቱም ዓይናቸውን አልሰበሩም።

«ግባ» አለችው። ድምፅ አላወጣችም፤ አፍ እንዳልፈታው ዘመን ፊልም ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

የሰው አፍ እያየ መተርጎም እንጀራው የሆነው ጅራታ፣ ከራሱ አንድም ቃል ሳይጨምር ገባው። ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ከዋርካው ሥር ቁጭ አለ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ከመስኮቱ ይታይ ነበር።